የማታው ወተት 31፣ የጠዋቱ 26፦ ከአንድ በረት የወጣ ወተት እንዴት እንዲህ ይለያያል?

የጫጫዋ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ወተት ልኬት የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ጫጫ አካባቢ ነኝ፤ ሦስት ዲቃላ ጥገቶች አሉኝ። የማታውን ወተት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ የጠዋቱን ደግሞ እንደታለበ እይዛለሁ። ሁለቱን በየቢዶናቸው መንገድ ዳር ላለ ሰብሳቢ አስረክባለሁ። ኅዳር ከገባ ወዲህ ጣጣ መጣ። ያደረው ላይ የወተት ክብደት መለኪያውን (ላክቶሜትሩን) ሲጥሉበት 31 ይላል፤ ያለ ምንም ወሬ ይወስዱታል። ትኩሱ ግን 26 ተኩል፣ አንዳንዴም 26 ይልና "ውሃ አለበት" ተብሎ ሰው ፊት ይመለስብኛል። ላሞቹ ያው፣ መኖው ያው፣ አላቢዋም እኔው። ጠብታ ውሃ አልገባበትም። ሰውዬው ደግሞ "የማታውን ትተሽ የጠዋቱን ነው የምታቀጥኚው" ብሎኝ አረፈው።

እልህ ይዞኝ የራሴን ላክቶሜትር ከአዲስ አበባ አስገዛሁ። አንገቱ ላይ ከ15 እስከ 40 ቁጥር አለው፤ "20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ" የሚልም ተጽፎበታል። ግን ቤት ስለካው ቁጥሩ አይረጋልኝም። ጎረቤቴ "ላሞችሽ ውሃ ስለሚያበዙ ነው ወተቱ የቀጠነው" ትለኛለች። አንድ ዘመዴ ደግሞ "መለኪያው የተሠራው ለቆላ አገር ነው፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ ከፍታው አያሠራውም" ይላል። የቱን ልመን? ልኬቱ በትክክል የሚለካው እንዴት ነው? የአንዷ ላም ችግር ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?

ጋሼ መንዲዳ
ልጄ፣ ትኩስ ወተት ላይ መለኪያ አይጣልም። በቃ ይኸው ነው። ድሮ እኛ ማኅበር ስንገባ መጀመሪያ የተነገረን ይህ ነበር፤ አሁን ወረፋው በዝቶ ሁሉም ይቸኩላል። ደግሞ ጾሙ ገብቷል። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፣ የመለኪያው ዓይን ግን ይበረታል። በፍስኩ 26ን ዝም ብሎ ሲገለብጥ የነበረ ሰው በጾሙ 29ን ሲያጣጥል አይቻለሁ።

የላብራቶሪ ልጅ
ጋሼ እውነትዎን ነው። እህቴ፣ እኔ ምክንያቱን ልጨምርልሽ።

ላክቶሜትር ውሃ ለይቶ አያውቅም። የሚያሳየው ወተቱ ምን ያህል ከብዶ ወደ ላይ እንደገፋው ብቻ ነው። 30 የሚለው ቁጥር አንድ ሊትር ወተት 1.030 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ጤነኛ የላም ወተት በ20 ዲግሪ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በወተቱ ውስጥ ያለው ስኳር (ላክቶስ)፣ ፕሮቲንና ማዕድን ከውሃ ስለሚከብዱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ቅባቱ ግን ከውሃ ይቀላል፤ ሊትሩ 0.93 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትታል። ይህችን ያዢልኝ፣ ኋላ ታስፈልጋለች።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ወተት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይቀላል፤ መለኪያው ይሰምጥና ትንሽ ቁጥር ያሳያል። ሲቀዘቅዝ ተቃራኒው ነው። ያንቺ መለኪያ በ20 ዲግሪ እንዲነበብ የተሠራ ነው። ስለዚህ ወተቱ ከ20 በላይ ለሞቀበት ለእያንዳንዱ ዲግሪ በንባቡ ላይ 0.2 ትደምሪያለሽ፤ ከ20 በታች ለቀዘቀዘበት ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ትቀንሻለሽ።

ያንቺን እናስላው። ትኩሱ ወተት ሰብሳቢው ጋ ሲደርስ 33 ዲግሪ ቢሆን ከ20 በ13 ይበልጣል፤ 13 በ0.2 ሲባዛ 2.6። 26.5 ላይ ሲደመር 29.1። ያደረው ደግሞ በዚህ ውርጭ 11 ዲግሪ ቢሆን በ9 ያንሳል፤ 9 በ0.2 ሲባዛ 1.8። ከ31 ሲቀነስ 29.2። እንግዲህ ሁለቱ አንድ ወተት ናቸው! ሰብሳቢው 26.5ን እንዳለ ስለወሰደው ከአሥር እጅ አንዱ ውሃ መሰለው፤ በ20 ዲግሪ ተነብቦ ቢሆን እውነትም ወደዚያ ይጠጋ ነበር። የሚገርመው፣ ብርዱ የሚደብቀው ሌላውን ነው፦ በእውነት ውሃ የገባበት ወተት በ11 ዲግሪ ቢለካ የተሻለ ቁጥር ይዞ ያልፋል።

ይህ ስሌት ለግምት ነው። ሙቀቱ ከ20 በጣም ሲርቅ 0.2ዋ ትክክል አትሆንም፤ ወተቱን ከ15 እስከ 25 ባለው ውስጥ አምጥቶ መለካት ይሻላል። 33 ዲግሪ ላይ ያለን ወተት ለክቶ ሰው መክሰስ አይገባም።

ትኩስ ወተት ሌላም ጉዳይ አለው። ሲታለብ ደቃቅ አየር ይገባበታል፣ ቅባቱም ገና ፈሳሽ ነው። ሰዓት ሲያልፍ አየሩ ይወጣል፣ ቅባቱ ይረጋል፣ ያኔ ማንም ሳይነካው የመለኪያው ንባብ አንድ ቁጥር ያህል ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ከታለበ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

አለካኩ፦ ወተቱን አረፋ ሳታስነሺ ቀስ አድርገሽ ከላይ እስከ ታች አማስዪው። ያደረ ከሆነ ክሬሙ ላይ ስለሚንሳፈፍ በደንብ ካልተዋሐደ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ቁጥሩ ያልረጋልሽም በዚህ ሊሆን ይችላል። ላብራቶሪ ውስጥ ያደረውን ወደ 40 ዲግሪ አሙቀን ጥቂት ደቂቃ እንተወውና ወደ 20 እናቀዘቅዘዋለን፤ ቅባቱ ይቀልጥና ይዋሐዳል። ከዚያ ረጅም ሲሊንደር ውስጥ በጎን በኩል አንሸራተሽ ቅጂ። ሲሊንደር ከሌለሽ አንገቱ የተቆረጠ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይሆናል፤ ብቻ መለኪያው ግድግዳውንም ታቹንም ሳይነካ ይንሳፈፍ። ሞልቶ ትንሽ ይፍሰስ፣ አረፋው አብሮ ይሄዳል። መለኪያውን አንገቱን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ልቀቂው፤ እንዲዘፈቅ አትጣዪው፣ አንገቱ ላይ ወተት ከተለጠፈ ይከብዳል። ሲረጋ ዓይንሽን ከወተቱ እኩል ዝቅ አድርገሽ አንብቢ። ወተት እንደ ውሃ ስለማያሳይ የሚነበበው ከላይ፣ ወተቱ አንገቱን በያዘበት ጫፍ ላይ ነው። ወዲያው ሙቀቱን ለኪና ሁለቱንም ጻፊ። የትኩሳት መለኪያ አይሆንም፣ ከ35 በታች አያነብም፤ ከዜሮ ጀምሮ የሚያነብ ቴርሞሜትር ያስፈልግሻል።

ስለ ከፍታው ዘመድሽ ተሳስተዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ እሱ እውነት ነው። መንሳፈፍ ግን በከፍታ አይለወጥም፤ መለኪያውም ወተቱም እዚያው አንድ ቦታ ናቸው። ደጋነቱ የሚነካው በብርዱ በኩል ብቻ ነው።

በረተኛው
ይቅርታ፣ እኔ የሰማሁት ሲሞቅ ይቀነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደመራል ነው። የቱ ነው ትክክል?

የላብራቶሪ ልጅ
ወንድሜ፣ የነገረህ ሰው ገልብጦታል። ቤትህ ሞክረው፦ አንዱን ወተት ለሁለት ክፈለው፣ ግማሹን አሙቀው፣ ግማሹን ውሃ ውስጥ አቀዝቅዘው፣ ሁለቱንም ለካ። የሞቀው ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጥሃል። ዝቅ ያለውን ወደ እውነቱ ለመመለስ መደመር ነው እንጂ መቀነስ የት ያደርስሃል? ያንተን መለኪያ ግን ደህና አድርገህ ተመልከተው። 15 ወይም 15.5 ዲግሪ ተጽፎባቸው የሚመጡ አሉ። ያኔ የምትቆጥረው ከ20 ሳይሆን እሱ ላይ ከተጻፈው ነው። የጫጫዋም የሰብሳቢው መለኪያ ላይ ምን እንደተጻፈ ጠይቂ፤ ሁለት ዓይነት መለኪያ ይዞ መከራከር ዝም ብሎ ጠብ ነው።

ሰብሳቢ ከሸኖ
እኔም ሰብሳቢ ነኝ፤ ስማችን በከንቱ ሲጠፋ ዝም አልልም። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ሃምሳ ሰው ቢዶን ይዞ ሲሰለፍ ሁሉን አቀዝቅዤ ልለካ ብል መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል። ደግሞ በእውነት ውሃ የሚጨምር የለም እንዳትሉኝ። ፋብሪካው ከኔ ላይ ሲመልስ ኪሳራው የኔ ነው።

ያም ሆኖ እህቴ እውነት አላት። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ፤ ሰብሳቢሽንም በዚሁ አናግሪው። ንባቡ ዝቅ ያለ ወተት ሲመጣ ከመመለሴ በፊት በሲሊንደር ቀድቼ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አቆመዋለሁ። ሌላውን ሰው አስተናግጄ ስመለስ ደርሷል። ያኔ ከቴርሞሜትር ጋር እለካዋለሁ። ብዙዎቹ ያልፋሉ።

አንድ ነገር ግን ቤትሽ ተመልከቺ፦ ቢዶኑን አጥበሽ ስታበቂ ትደፊዋለሽ ወይ? ታጥቦ ሳይንጠፈጠፍ ወተት የሚገባበት ቢዶን አይቻለሁ። ግማሽ ሊትር ውሃ ከሥሩ ቀርቶ አሥር ሊትር ወተት ቢጨመርበት 30 የነበረው ወደ 28.6 ይወርዳል። ማንም ሰው ውሃ ጨመርኩ አይልም፣ እውነቱንም ነው፤ ውሃው ግን አለ።

እኔ በዴንሲቲ (ላክቶሜትሩ በሚያሳየው ክብደት) ብቻ አልወስንም። እኩል ወተትና እኩል አልኮል (ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ይሆናል) ቀላቅዬ አያለሁ። ከተቋጠረ ወይ መኮምጠጥ ጀምሯል፣ ወይ የጡት በሽታ አለ፣ ወይ እንገር ገብቶበታል። የወለደች ሰሞን ወተት ቶሎ የሚያመጡ ሰዎች አሉ፤ እንገር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ላክቶሜትሩን ከፍ አድርጎ ያሳልፈዋል፣ አልኮሉ ነው የሚይዘው።

የከብት ሐኪም
የጎረቤትሽን ነገር ልዝጋው። ላም ብዙ ውሃ ስለጠጣች ወተቷ አይቀጥንም። ጡቷ ውስጥ ስንት ውሃ እንደሚገባ የሚወስነው ላክቶሱ ነው፤ የተረፈውን ትሸናዋለች። እንዲያውም በዚህ ብርድ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ጥገቶች የሚገባቸውን ያህል አይጠጡም፣ ወተታቸውም በመጠን ይቀንሳል። በደንብ የምትታለብ ዲቃላ በቀን ከ50 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ውሃ እንዳትከለክያቸው።

ከላም በኩል ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርገው አንደኛው ረሃብ ነው፦ ገለባና ድርቆሽ ብቻ እየበላች ፉርሽካና ፋጉሎ ያጣች ላም የወተቷ ፕሮቲን ይቀንሳል። ሁለተኛው የጡት በሽታ ነው፤ ላክቶሱ ይወርዳል፣ ጨው ይጨምራል፣ ዴንሲቲው ትንሽ ዝቅ ይላል። ደግሞ የላብራቶሪው ልጅ ያዢልኝ ያለሽን አስታውሺ፦ ቅባት ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ቅባቱ የበዛ ጥሩ ወተት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢነበብ አትደንግጪ። መጨረሻ የሚታለበው ወተት ከመጀመሪያው ይልቅ ቅባት ይበዛዋል፤ ያንን ቀሪ ለጥጃው የምትተዪ ከሆነ ለሰብሳቢ የሚሄደው ቅባቱ ያነሰ፣ ቁጥሩ ግን ከፍ ያለ ይሆናል።

አንቺ የምታደርጊው፦ የሦስቱን ላሞች ወተት አንድ ቀን ለየብቻ ለኪ፤ ከተቀላቀለ በኋላ ማን ምን እንደሆነች አታውቂም። ከእያንዳንዱ ጡት ደግሞ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ጭማቂ ጥቁር ጨርቅ ላይ አልቢና ተመልከቺ። ቁርጥራጭ፣ ክር የመሰለ ነገር ወይም ውሃማ ከታየ ንገሪኝ።

ተማሪ ነኝ
ለትምህርት ነው የምጠይቀው። ይህን መለኪያ ማታለል ይቻላል?

የላብራቶሪ ልጅ
ይቻላል፤ ለዚህ ነው ብቻውን የማይበቃው። ክሬሙ የወጣለት ወተት ቅባት ስለሌለው 36 አካባቢ ያነባል። አምስት ሊትር እንደዚህ ያለ ወተት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ቢገባ 30 ይመጣል፣ ልክ እንደ ጥሩ ወተት! ቅባቱ ሲለካ ነው ጉዱ የሚወጣው። ቅባት የሚለካበት የገርበር ምርመራ የሚባለው በሰልፈሪክ አሲድና በአሚል አልኮል፣ በሴንትሪፉጅ ይሠራል፤ አሲዱ ስለሚያቃጥል ቤት የሚሞከር አይደለም። ዱቄት የሚጨምርም አለ፦ ጥቂት ወተት አፍልተህ አቀዝቅዝና አዮዲን ጠብ አድርግበት፣ ሰማያዊ ከሆነ ዱቄት አለበት። በማብራት የሚሠሩት አዳዲሶቹ የወተት መመርመሪያዎች ቅባቱንም የተጨመረውን ውሃም አንድ ላይ ያወጣሉ፤ ግን በየጊዜው ካልተስተካከሉ እነሱም ይዋሻሉ።

ጋሼ መንዲዳ
ኧረ ልጄ፣ ለሌባ ቀመር አታስተምርብን!

የላብራቶሪ ልጅ
ጋሼ፣ ሌባውማ ከኔ በፊት ነው የሚያውቀው። የማያውቀው ገዢው ነው።

የጫጫዋ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቴርሞሜትር አገኘሁ። ቢዶኔን ሁልጊዜ ደፍቼ ነው የማሳድረው፣ እሱ ደህና ነው። ላሞቹን ለየብቻ ለካሁ፤ ሁሉንም ባልዲ ውስጥ አቀዝቅዤ 20 ላይ ሲደርስ ነው ያነበብኩት። ቡሬዋ 30፣ ዳለቻዋ 29 ተኩል፣ ትንሿ ግን 27። ጨርቅ ላይ ሳልባት ከኋላ ግራ ጡቷ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነገር ወጣ። ሌሎቹ ጡቶቿ ንጹሕ ናቸው። እብጠት የላትም፣ መኖም ትበላለች።

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ መለኪያዬ ራሱ ትክክል መሆኑን በምን ልወቅ? ውሃ ውስጥ ብጥለው አንገቱ ጭምር ሰመጠ።

የላብራቶሪ ልጅ
በውሃ አይታይም፤ ያንቺ ከ15 ስለሚጀምር ውሃ ውስጥ ቁጥሩ ሁሉ መስመጡ ልክ ነው። በስኳር ሞክሪው። 80 ግራም ደረቅ ስኳር በሚዛን ለኪና 920 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ በደንብ አሟሚው፤ 20 ዲግሪ ሲሆን መለኪያውን ጣዪበት። 30 ወይም እስከ 32 ካነበበ ደህና ነው። ከዚያ ርቆ ከሄደ መለኪያውን መልሽላቸው። ስኳሩን በማንኪያ እንዳትገምቺ፣ ሚዛን ያለው ሱቅ አስመዝኚ። ከዚያ በኋላ ውሃውን ሻይ አፍይበት።

የከብት ሐኪም
ትንሿን ቶሎ አሳያት። ፍርፋሪ ከታየ የጡት በሽታ ነው፤ እብጠት አለመኖሩ አያዘናጋሽ። እስክትታከም ድረስ የዚያን ጡት ወተት ከሌላው አትቀላቅዪ፣ ለጥጃም አትስጪ። ትንሿን ሁልጊዜ መጨረሻ አልቢያት፣ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ፤ በእጅ ነው ወደ ሌሎቹ የሚዛመተው። መድኃኒት ከተወጋች ወይም ጡቷ ውስጥ ከተጨመረላት ሐኪሙን "ወተቷ ለስንት ቀን አይሸጥም?" ብለሽ ጠይቂ፤ ማሸጊያው ላይም ተጽፏል። እስከዚያ ድረስ ከሌላው ጡት የወጣውም ቢሆን ለሰው አይቀርብም፤ መድኃኒቱ በደም በኩል ሊዞር ይችላል። የእንስሳት ጤና ጣቢያ ሄደሽ የካሊፎርኒያ ማስታይተስ ምርመራ (የጡት በሽታን የሚለይ) ካላቸው ሦስቱንም አስመርምሪ። የተደበቀው ዓይነት በዓይን አይታይም።

የጫጫዋ (ጠያቂ)
እሺ ዶክተር፣ ነገ እወስዳታለሁ። ሰብሳቢውንም አናገርኩት። ትንሿን ሳልጨምር የሁለቱን ወተት ይዤ ሄድኩና ባልዲ ውስጥ አቀዝቅዞ እንዲለካው አደረግኩ፤ 29 ተኩል አለ፣ ወሰደው። "ቴርሞሜትር እኔም እገዛለሁ" ብሏል፤ እናያለን።

ሰብሳቢ ከሸኖ
ሲገዛ ከላክቶሜትሩ ጋር አንድ ጣሳ ውስጥ እንዳያስቀምጠው ንገሪው። የኔ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ነው የተሰበሩት።